የደጋፊው እሮሮና የፖስተኛው ከረጢት
(በሁለት የኬን ሎች ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂስ)

ኪነ ጥበብ ሠራተኛውን ሰው ሲሥል ብዙ ጊዜ ከሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የሰኞ ሰው ነው፤ ማለዳ ይነሣል፣ ላቡን ያንጠፈጥፋል፣ ሲመሽ ደክሞት ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው የሰንበት ሰው ነው፤ የክለቡን ቀለም ለብሶ ስታዲየም ይገባል፣ ይዘምራል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። ስለ ሥራ የተሠራው ፊልም የሠራተኛውን ሰንበት ይረሳል፤ ስለ እግር ኳስ የተሠራው ደግሞ የደጋፊውን ሰኞ። በእውነተኛው ሕይወት ግን ሰኞና ሰንበት የሚገናኙት በአንድ ሰው ኪስና በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው። የስታዲየሙ መግቢያ የሚከፈለው ከሥራ በተገኘው ደመወዝ ነው፤ በሥራ ቦታ የተዋጠው ቁጣም መውጫ የሚያገኘው በስታዲየሙ ጩኸት ነው። ይህን ያልተረዳ ደራሲ የሚጽፈው ግማሽ ሰው ነው።

ይህን ክፍፍል ለማስወገድ ከጣሩት የፊልም ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው አዘጋጅ ኬን ሎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ከስክሪፕት ደራሲው ከፖል ላቨርቲ ጋር ካቀረባቸው ሥራዎች ሁለቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ኤሪክን ፍለጋ» እና በ2019 የወጣው «ባለማግኘታችን ይቅርታ»፣ ጎን ለጎን ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በካን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀርበዋል። የመጀመሪያው ባለታሪክ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነው፤ የሁለተኛው ጥቅል ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር። ሁለቱም የማንቸስተር ሰዎች፣ ሁለቱም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ናቸው። በፊልሞቹ መካከል ያለው ርቀት አሥር ዓመት ብቻ ነው። ይሁንና በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ጠፍቷል። ምን እንደ ጠፋ ለመረዳት በመጀመሪያ ደጋፊው በክለቡ ላይ የሚያሰማውን እሮሮ ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

ከባቡር ፋብሪካ የተወለደ ክለብ

ማንቸስተር ዩናይትድ በከበርቴ ገንዘብ የተወለደ ክለብ አይደለም። በ1878 ኒውተን ሂዝ በተባለው የማንቸስተር ሰፈር የላንክሻየርና ዮርክሻየር ባቡር ኩባንያ የፉርጎ ክፍል ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድን ነበር። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1902 ነው። እንዲህ ያለው አወላለድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ድሬዳዋ ጥጥ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ የሚሉት የቡድን ስሞች ራሳቸው ምስክሮች ናቸው፤ በእነዚህ ስሞች ውስጥ የፋብሪካው ጡሩምባ ይሰማል። ኳሱና ሥራው ከአንድ ግቢ የወጡ ወንድማማቾች ነበሩ።

በእንግሊዝ አገር ወንድማማቾቹ የተለያዩት ቀስ በቀስ ነው። በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ሲመሠረት የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ውል ለ5 ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ቀንና ሰዓት ስታዲየም ለሚገኘው ሳይሆን ቤቱ ተቀምጦ ለሚያየው እንዲመች ሆኖ ይወሰን ጀመር። በ2005 ደግሞ አሜሪካዊው ከበርቴ ማልኮልም ግሌዘር ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠቀለለው። ደጋፊውን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣው ከግዢው ገንዘብ ከፍተኛው ክፍል ብድር መሆኑ፣ ከብድሩም ብዙው በራሱ በክለቡ ጫንቃ ላይ መውደቁ ነበር። ክለቡ ለተገዛበት ዕዳ ደጋፊው በትኬት ዋጋ ከፋይ ሆነ። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

በዚያው ዓመት የተቆጡ ደጋፊዎች ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የተባለ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ የሚል ደንብ አወጡ፤ ከእንግሊዝ እግር ኳስ አሥረኛ እርከን ተነሥተው በ3 ዓመት 3 ጊዜ ወደ ላይ አደጉ፤ በ2015 የራሳቸውን ስታዲየም ከፈቱ። የሚበዙት ደጋፊዎች ግን እያጉረመረሙም ቢሆን ከነባሩ ክለብ ጋር ቀሩ። ክርክሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሰው የሚወደው ነገር የሌላ ሰው ንብረት ሲሆን ምን ያድርግ? ጥሎት ይሂድ ወይስ ተቀምጦ ይታገል? ይህ ለጸሐፌ ተውኔት የተመቸ የግጭት ጥያቄ ነው፤ ሎችና ላቨርቲም አላለፉትም።

እንዲያውም ሎች ጥያቄውን የሚያውቀው ከድሮ ጀምሮ ነው። በባሪ ሃይንስ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1969 ባቀረበው «ኬስ» ውስጥ የስፖርት መምህሩ የማንቸስተር ዩናይትድን ቀይ ማልያ ለብሶ ከተማሪዎቹ ጋር ሜዳ ይወጣል። ራሱ አምበል፣ ራሱ ዳኛ፣ በምናቡም ራሱ ቦቢ ቻርልተን ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ለራሱ ይሰጣል፤ ሳይሳካለት ሲቀር እንዲደገም ያዛል። ወንድሙ ከሰል ቆፋሪ የሆነው ብላቴና ቢሊ ካስፐር ባልፈለገው የግብ ጠባቂነት ቦታ ቆሞ በብርድ ይኮማተራል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቁ ግን መራራ ነው። በየሰፈሩ ሜዳ ያደገ ሁሉ የኳሱ ባለቤት ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃልና።

አውቶቡሶቹን የሞላው ማን ነው?

«ኤሪክን ፍለጋ» የሚከፈተው ፖስተኛው ኤሪክ ቢሾፕ (ስቲቭ ኤቬትስ) መኪናውን በአደባባይ ዙሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲነዳ ነው። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት ጥሏት የሄደውን የመጀመሪያ ሚስቱን ሊሊን ቀና ብሎ የሚያይበት ድፍረት የለውም። ሁለተኛ ሚስቱ ትታለት የሄደችው ሁለት የእንጀራ ልጆች አይሰሙትም። ቤቱ ተዝረክርኳል፤ ልቡም እንዲሁ። አንድ ሌሊት ከእንጀራ ልጁ የወሰደውን ሐሺሽ እያጨሰ ከግድግዳው ላይ ሥዕል ጋር ሲነጋገር፣ የሥዕሉ ባለቤት ኤሪክ ካንቶና ራሱ ከክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ለፊልሙ አንድ አደጋ ነበረበት። የፊልሙ መነሻ ሐሳብ የመጣው ከካንቶና ከራሱ ነው፤ በፕሮዲዩሰርነትም ተሳትፏል። ዝነኛ ተጫዋች ስለ አምላኪው ፊልም ሲያሠራ ውጤቱ የጣዖት መወድስ ሊሆን ይችል ነበር። ደራሲውን ከዚህ ያዳነችው አንዲት አጭር ትዕይንት ናት። ኤሪክ ከሁሉ የጣመችህ ቅጽበት የትኛዋ ናት ብሎ ይጠይቃል፤ ግብ እንደሚሆን ርግጠኛ ነው። የካንቶና መልስ ግን ግብ አይደለም። በቶተንሃም ላይ ለተከላካዩ ለዴኒስ ኧርዊን ያቀበላት ኳስ ናት። ኧርዊን ባይጠቀምባት ኖሮስ? ሰው በጓዶቹ ማመን አለበት፣ አለዚያ ሁሉም ነገር ይጠፋል የሚል መልስ ያገኛል።

የፊልሙ እምብርት ይህች ናት። ግብ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ ማቀበል ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ደራሲው በግልጽ አይናገረው እንጂ፣ የፖስተኛ ሥራስ ከማቀበል ሌላ ምንድን ነው? ፖስተኛ ዕድሜውን ሙሉ የአንዱን ቃል ለሌላው ሲያቀብል የኖረ ሰው ነው። ኤሪክ የሚያደንቀውን ተጫዋች ታላቅነት ይፈልገው የነበረው በግቦቹ ውስጥ ነው፤ የራሱ የዕለት ሥራ ከዚያ ታላቅነት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የፖስታ ቤት ጓደኞቹ ትርጉም ያገኛሉ። ሚትቦልስ የሚሉት ባልደረባው (ጆን ሄንሾ) ስለ አእምሮ ጤና የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ ይመጣና እነዚያን ጎልማሶች ዐይናቸውን አስጨፍኖ ያስቀምጣቸዋል። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሆኖም ጓደኛቸው እየሰጠመ መሆኑን አይተው፣ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ፣ ያገኙትን ገመድ ሁሉ የሚወረውሩ ሰዎችን ያሳያል። በመጠጥ ቤቱ ትዕይንት ደግሞ የነባሩ ክለብ ደጋፊዎችና የአዲሱ ክለብ ደጋፊ ይሟገታሉ። ሰው ሚስቱን፣ ፖለቲካውን፣ ሃይማኖቱን ሊለውጥ ይችላል፣ ክለቡን ግን አይለውጥም የሚለው አባባል ይሰማል። ክለቡ ተሸጧል፣ የመግቢያውም ዋጋ ከሠራተኛ አቅም በላይ ሆኗል የሚለው እሮሮም በዚያው ይሰማል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ደራሲው አንዱን አያስረታም። ይህ ትክክለኛ የድራማ ፍርድ ነው።

በመጨረሻ የኤሪክን የእንጀራ ልጅ ሽጉጥ እንዲደብቅ ያስገደደው ወንበዴ ቤተሰቡን ሲያዋርድ፣ ፖስተኞቹና ደጋፊዎቹ በአውቶቡሶች ተጭነው፣ ሁሉም የካንቶናን ጭምብል አጥልቀው፣ ወደ ወንበዴው ቤት ይዘምታሉ። ቀይ ቀለም ይረጩታል፤ ንብረቱን ይሰባብራሉ፤ ውርደቱንም በቪዲዮ ይቀርጹታል። ጭምብሉ በመድረክ ቋንቋ ሲተረጎም ትልቅ ነገር ይናገራል። አንዱ ጣዖት የብዙዎች ፊት ሲሆን ጣዖትነቱ ያበቃል፤ ሕዝብ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሂሱ እዚህ ላይ መቆም የለበትም። ፊልሙ ሁለት ጉድለቶች አሉት። የመጀመሪያው ሥራውን የሚመለከት ነው። ፖስተኞቹን ከሥራቸው ይበልጥ በቀልዳቸው እናውቃቸዋለን። የከረጢቱ ክብደት፣ የደረጃው ብዛት፣ የማለዳው ብርድ በጨረፍታ ያልፋሉ። ሁለተኛው ጉድለት የሴራው ነው። በመጠጥ ቤቱ የተነሣው እሮሮ ሩቅ ባለ ባለቤት ላይ ነበር፤ አውቶቡሶቹ የሄዱት ግን ቅርብ ወዳለው ወንበዴ ቤት ነው። ወንበዴ ፊት አለው፤ ቀለም ይረጭበታል። ዕዳ ግን ፊት የለውም። ደራሲው ከባዱን ጥያቄ አንሥቶ ቀላሉን ፈታ፤ ተመልካቹም ደስ ብሎት ወጣ እንጂ የመግቢያው ዋጋ ባለበት ቀረ።

ቢሆንም ከጉድለቱ በላይ የሚቆይ አንድ እውነት አለ። እነዚያን አውቶቡሶች የሞላቸው ካንቶና አይደለም። የሞላቸው በየማለዳው ደብዳቤ የሚለዩበት ያ አዳራሽ ነው። ሰዎቹ ጎን ለጎን ቆመው ባይሠሩ ኖሮ ኤሪክ ሲወድቅ የሚያየው፣ ሲጣራም የሚሰማው አይኖርም ነበር።

ብቻውን የሚሮጠው

«ባለማግኘታችን ይቅርታ» የሚለው ርእስ የተወሰደው ዕቃ አድራሹ ሰው ሲያጣ በር ላይ ትቶት ከሚሄደው ካርድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሳይገናኙ መቅረትንም መናፈቅንም ስለሚገልጽ፣ ርእሱ የአባትየውና የቤተሰቡ ጉዳይም ይሆናል። ሪኪ ተርነር (ክሪስ ሂችን) ከማንቸስተር መጥቶ በኒውካስል የሚኖር ሠራተኛ ነው። ቤት ለመግዛት የነበረው ተስፋ የተቀበረው ኖርዘርን ሮክ የተባለው የኒውካስል ባንክ በወደቀበት የገንዘብ ቀውስ ነው። በዚያን ጊዜ በኒውካስል ዩናይትድ ተጫዋቾች ደረት ላይ ተጽፎ ይታይ የነበረውም የዚያው ባንክ ስም ነበር። ደጋፊው ያጨበጨበለት ማልያ የሠራተኛውን ቤት የበላውን ባንክ ያስተዋውቅ ነበር ማለት ነው።

ሪኪ ለዕቃ ማድረሻ የሚሆን መኪና ለመያዝ የሚስቱን የአቢን (ዴቢ ሃኒውድ) መኪና ያሸጣታል። እርስዋም አረጋውያንንና ሕሙማንን በየቤታቸው ለመንከባከብ በአውቶቡስ መዞር ትጀምራለች። የዴፖው ኃላፊ ማሎኒ ሪኪን ሲቀበለው ተቀጣሪ እንዳልሆነ፣ የራሱ ሥራ ጌታ እንደሆነ ያስረዳዋል። የዚህ ጌትነት ትርጉም ቀስ እያለ ይገለጣል። ሠራተኞቹ ጠመንጃ የሚሉት የመመዝገቢያ መሣሪያ ሾፌሩ ከመኪናው ለጥቂት ደቂቃ ሲርቅ ይጮኽበታል። ሽንቱን የሚሸናበት ጠርሙስ ከመኪናው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ ትንሽ ልጁን ሊዛ ጄንን ይዟት ሲዞር፣ በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ጥቂት የደስታ ቀናት አንዱ ይሆናል፤ ወዲያው ግን ይከለከላል። መኪናው የእርሱ ነው፣ ዕዳውም የእርሱ ነው፤ ውሳኔው ግን የእርሱ አይደለም።

እንግዲህ የሁለቱ ፊልሞች መገናኛ እዚህ ላይ ነው። ለሾፌሩ «ሥራው የራስህ ነው» ይባላል፤ ለደጋፊው «ክለቡ የራስህ ነው» ይባላል። ሁለቱም ይከፍላሉ፤ ሁለቱም አይወስኑም። የደጋፊው እሮሮ የተሸናፊ ቡድን ደጋፊ ብስጭት ብቻ መስሎ የሚታየው ይህ ዝምድና ሲዘነጋ ነው።

በዚህ ፊልም ውስጥ እግር ኳስ የሚነሣው ለአፍታ ነው። ሪኪ የማንቸስተር ዩናይትድን ማልያ ለብሶ አንድ በር ያንኳኳል፤ በሩን የከፈተው የኒውካስል ደጋፊ ነው። ሁለቱ ይሰዳደባሉ፣ ይበሻሸቃሉ። ተመልካቹ ይስቃል። ትዕይንቱን ከቀድሞው ፊልም መጠጥ ቤት ጋር ሲያነጻጽሩት ግን ልብ ይነካል። ያኔ ክርክሩ በወንበር ተቀምጠው፣ መጠጥ ይዘው፣ በጓደኞች መካከል ነበር፤ አሁን ግን በማያውቁት ሰው ደጃፍ፣ መሣሪያው ሊጮኽ ሲል ነው። ከደጋፊነቱ ማኅበር ለሪኪ የቀረው ማልያው ብቻ ነው። በዴፖው ውስጥ አንድ ባልደረባው መሥመሩን ሲነጠቅ መሥመሩን የሚረከበው ሪኪ ራሱ ነው። ኋላ ደግሞ የእርሱ ተራ ሲደርስ ማን ይሰማው? በአሥሩ ዓመት ውስጥ የጠፋው ነገር ይኸው ነው፤ አውቶቡሱን የሚሞላው አዳራሽ።

በዕደ ጥበብ ረገድ ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ይልቃል። ሥራን ከነዝርዝሩ፣ ከነደቂቃው ያሳያል። ሆኖም እርሱም ከነቀፌታ አያመልጥም። ወደ መጨረሻው ገደማ ሪኪ በዘራፊዎች ይደበደባል፤ መሣሪያው ይሰበራል፤ ሆስፒታል ሳለ የዕዳው ሒሳብ በስልክ ይነገረዋል። ልብ የሚሰብር ነው፤ ግን ድብደባው ከውጭ የመጣ አደጋ ነው። ሪኪን ለማድቀቅ ዘራፊ አያስፈልግም ነበር፤ ፊልሙ እስከዚያ ድረስ በጥንቃቄ ያሳየው የዕለት ተዕለት አሠራር ብቻውን ይበቃ ነበር። ደራሲው በገዛ ማስረጃው ላይ እምነት አጥቶ ሌላ ምስክር ጠራ። የመጨረሻው ትዕይንት ግን፣ በዐይኑ በወጉ ማየት የማይችለው ሰው ቤተሰቡ እየለመነው መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ይህን ስሕተት ይክሳል።

የጋዜጣው ሁለት ገጽ

በፊልሞቹ የተነሣው ጥያቄ በሕይወትም ቀጥሏል። ሚያዝያ 2021 ማንቸስተር ዩናይትድን ጨምሮ 6 የእንግሊዝ ክለቦች የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ወደተባለው ዝግ ውድድር እንደሚገቡ ሲታወጅ፣ የደጋፊው ተቃውሞ ዕቅዱን በሁለት ቀን ገደማ አፈረሰው። ግንቦት 2 ቀን ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ድረስ ገብተው የሊቨርፑል ጨዋታ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ አደረጉ። «ኤሪክን ፍለጋ» ያላገኘውን መንገድ፣ ማለትም ወደ ሩቁ ባለቤት የሚወስደውን፣ ደጋፊዎቹ በእግራቸው ፈለጉት።

በ2024 ጂም ራትክሊፍ የተባለው እንግሊዛዊ ባለጸጋ ከሩብ በላይ የሆነውን የክለቡን ድርሻ ገዛ። በዚያው ዓመት 250 ያህል የክለቡ ሠራተኞች እንዲቀነሱ ተወሰነ፤ በ2025 መጀመሪያ እስከ 200 የሚደርሱ ሌሎች እንደሚቀነሱ ተነገረ፤ ለሠራተኞች በነጻ ይቀርብ የነበረው ምሳም ቀረ። በውድድሩ ዘመን አጋማሽ ደግሞ የቀሩት ትኬቶች ለሕፃናትና ለጡረተኞች ቅናሽ ሳይደረግ 66 ፓውንድ ገቡ። ምሳውን የተከለከለው ሠራተኛና ትኬቱ የተወደደበት ደጋፊ ከአንድ ቢሮ አንድ ዓይነት ቃል ሰሙ፤ «ቁጠባ» የሚል።

እዚህ ላይ የዜና ማሰራጫዎች አሳሳል ሊጤን ይገባል። የትኬቱ ነገር በስፖርት ገጽ፣ የሠራተኞቹ ነገር በንግድ ገጽ ይወጣል። ሁለቱን ገጾች አጣብቆ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በቴሌቪዥኑም ቢሆን ካሜራው የደጋፊውን እንባ አቅርቦ ያሳያል፤ ደጋፊው ከየት እንደ መጣ፣ ነገ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም። ዘጋቢው ተጫዋቹን «ታታሪ ሠራተኛ» ብሎ ሲያሞግስ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ወንበሮቹን የሚጠርጉት በምስሉ ውስጥ የሉም። ሥራ በሜዳው ላይ ውበት ይሆናል፤ ከሜዳው ውጭ ይደበቃል። በዚህ ሁኔታ ደጋፊው የምስሉ ጌጥ እንጂ ባለጉዳይ አይሆንም።

ይህ ነገር የማንቸስተር ሰዎች ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ጨዋታው በሚታይባቸው ቤቶች በር ላይ ከዕለት ገቢው ከፍሎ የሚገባው የቀን ሠራተኛ፣ መምህር፣ ሾፌር፣ ለዚያው ክለብ ይጮኻል። ሲሸነፍ እንቅልፍ ያጣል። የእርሱም እሮሮ ብዙ ጊዜ እንደ ቧልት ይታያል። በዚያ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ለየብቻ ሲሮጡ የዋሉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ምናልባት ከቀሩት አዳራሾች አንዱ ይህ ይሆናል። የአገራችን ጸሐፌ ተውኔትና የፊልም ሰው ይህን ክፍል ለቀልድ ማድመቂያ ብቻ ሊጠቀምበት አይገባም።

ከሎች ሁለት ፊልሞች የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ደጋፊን የሚጽፍ ሁሉ ሰኞውን ይጻፍ፤ ሠራተኛን የሚጽፍ ሁሉ ሰንበቱን አይርሳ። የኤሪክ ቢሾፕ ጓደኞች ጭምብላቸውን አውልቀው በማግስቱ ደብዳቤ ለመለየት ወደዚያው አዳራሽ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሪኪ ተርነር ግን የሚመለስበት አዳራሽ የለውም፤ መኪናውን አስነሥቶ ብቻውን ይሄዳል። ኪነ ጥበብ ያን አዳራሽ መልሶ መሥራት አይችል ይሆናል። ባዶ መሆኑን ግን ማሳየት ይችላል፤ ማን ባዶ እንዳደረገውም መጠየቅ ይችላል።